ለአልጣሽ ጫካ የትኛው ገጀራ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እስካሁን እንግዳ በጀልባ ይዤ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የማመላልስ አስጎብኚ ነበርኩ። ሥራው ቀዝቀዝ ሲል፣ ወፍ የሚያጠኑ ሰዎችን ይዤ ወደ ቋራ፣ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ እንድገባ ተጠየቅኩ። ድንኳን መትከሉ፣ መንገድ መጥረጉ፣ ማገዶው ሁሉ በእኔ ትከሻ ነው። ለዚህ አንድ ትልቅ ቢላ ያስፈልገኛል። ቅዳሜ ገበያ ከውጭ የመጣ ገጀራ አይቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቃጭ ጋ አሠራ ይለኛል። አጎቴ ሰላም ማስከበር ደቡብ ሱዳን በሄደ ጊዜ ከኔፓል ወታደር በስጦታ ያገኘው ኩክሪ የሚባል ቆልማማ ቢላም አለ፤ ውሰደው ብሎኛል። አንበሳ አለ ስለሚባል ልቤ ያደላው ወደ ኩክሪው ነው። የቱን ልያዝ?
(ደ.፣ ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ልብህ አንበሳው ላይ ስላለ ከእሱ እንጀምር። አዎ፣ አልጣሽ አንበሳ አለ። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ካሜራ አጥምደው ምስሉን አግኝተዋል። የአካባቢው ሰውማ ዱሮም አለ ይል ነበር።

ቢላ ግን የእንጨት መሣሪያ ነው። አንበሳ ቢላህ ሊነካው የሚችልበት ቦታ ድረስ ከመጣ፣ በእጅህ ያለው የኔፓል ይሁን የቅዳሜ ገበያ ለውጥ የለውም። ደን ልማት ስሠራ ያየሁትን ልንገርህ። ወገቡ ላይ ትልቅ ስለት ያንጠለጠለ ልጅ ይደፍራል። ሲደፍር ደግሞ በጨለማ ብቻውን ከድንኳን ርቆ ሽንቱን ይሸናል። ባዶ እጁን የሆነው ግን ጓደኛውን ቀስቅሶ፣ ባትሪ አብርቶ ነው የሚወጣው። ከሁለቱ የትኛው በሰላም እንደሚያድር አንተው ፍረድ።

አስጎብኚ ስለሆንክ ጉማሬን ታውቀዋለህ። አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል እንግዳ እየወሰድክ አሳይተሃል። ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ሲወጣ ሰው በእሱና በውሃው መካከል ከቆመ ጉዳቱ የከፋ ነው። እዚያ ላይ ገጀራ ይዞ የተረፈ ሰው ሲወራ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። አልጣሽም ያው ነው። ለአውሬ የሚያስፈልግህ የፓርኩ ስካውት፣ ጥሩ ባትሪ፣ ምግብህን ከመኝታህ አርቀህ ማስቀመጥ፣ ሲመሽ አለመዞር ነው። ይህን ከያዝክ ስለ ቢላው በሰከነ ልብ እናውራ።

መጀመሪያ ራስህን የምትጠይቀው “ምን እቆርጣለሁ?” ብለህ ነው። ዘጌ ቢሆን መልሴ አጭር ነው፤ ምንም። እዚያ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ በበሬ እንዳይታረስ የገዳማቱ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ይከለክላል። ቡናው የሚያድገውም በዚያው ጥላ ሥር ነው። ገጀራ አንጠልጥሎ ዘጌ የሚወርድ እንግዳ መነኮሳቱን ያስከፋል እንጂ አይጠቅምም።

አልጣሽም ፓርክ ስለሆነ እርጥብ እንጨት እየቆረጥክ መንገድ ልጥረግ ብትል ስካውቶቹ ራሳቸው ይይዙሃል። በየት በኩል እንደሚታለፍ እነሱን ጠይቅ፤ የሚያውቁት መንገድ አላቸው። ስለዚህ ሥራህ የሚሆነው የድንኳን ካስማ መቅረጽ፣ ድንኳን የሚተከልበትን ሣር ማጨድ፣ ወድቆ የደረቀ ቅርንጫፍ ለማገዶ መቆራረጥ፣ መኪና መንገድ ላይ የተጋደመ ግንድ ወይም እሾህ ማንሳት ነው። አገሩ ቆላ ነው። ሽመል አለ፣ ግራር አለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር አለ። ሣሩ ለስላሳ ነው፣ የግራሩ ደረቅ ግን ድንጋይ ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ስለት ሁለቱንም አጥግቦ አይሠራም።

ከውጭ የሚመጣው ገጀራ ረጅምና ስስ ነው። ግማሽ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። ለሣር፣ ለሐረግ፣ ለሰንሰል አጥር፣ ለሙዝ ቅጠል የሚያህለው የለም። ክንድህን ሳታደክም ቀኑን ሙሉ ትወነጭፈዋለህ። ሽመልንም ገደድ አድርገህ ከመታኸው በአንድ ምት ይጥለዋል። ደረቅ ግራር ላይ ግን ይዘላል። የሚዘል ስለት ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሌላው ነገር፣ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሳይሳል ነው የሚመጣው። ገዝተህ በቀጥታ ጫካ ከወሰድከው ትረግመዋለህ።

ኩክሪው የዚህ ተቃራኒ ነው። አጭር ነው፤ ስለቱ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አይዘልም። ጀርባው ግን ወፍራም ነው። ክብደቱም ወደ ፊት፣ የሚቆለመምበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ትንሽ ስትሰነዝረው ራሱ ይጎትትሃል፤ ደረቅ እንጨት ላይ ይገባል። አሠራሩ ደስ ይለኛል። የኔፓል ቀጥቃጮች፣ ካሚ ይሏቸዋል፣ ብረቱን ካጋሉት በኋላ ከማንቆርቆሪያ ውሃ በስለቱ ላይ ብቻ እያንቆረቆሩ ያቀዘቅዙታል። ስለቱ ይጠነክራል፣ ጀርባው ደግሞ ለስለስ ብሎ ምቱን ይችላል። ብረቱም ብዙ ጊዜ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። የእኛ ሰው የሚሠራበት ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ኩክሪውን ውሰድ አልልህም? አንደኛ፣ ለሣር አጎንብሰህ ልትሞት ነው። ሁለተኛ፣ ለስጦታ የሚሰጠው ኩክሪ ብዙ ጊዜ ለግድግዳ ጌጥ የተሠራ ነው። ሲያብረቀርቅ ያምራል፣ እጀታው ውስጥ ግን አጭር ብረት በሙጫ ተጣብቆ ይሆናል። አጎትህን አስፈቅደህ ወፍራም ደረቅ እንጨት ላይ በልኩ ሞክረው። እጀታው ከተነቃነቀ ወደ ግድግዳው ይመለስ። ሦስተኛው ለጣትህ ነው። ኩክሪ ሲመዘዝ አፎቱን በጀርባው በኩል ብቻ ያዝ። በስለቱ በኩል ጨብጠኸው ከመዘዝክ ስፌቱን ቀዶ መዳፍህን ሊያገኝህ ይችላል። “አንዴ ከተመዘዘ ደም ሳያይ አይመለስም” የሚለውን ደግሞ ለቱሪስት ተወው። ኔፓል ውስጥ ሽንኩርትም እንጨትም የሚከተፍበት የቤት ዕቃ ነው።

የእኔ ምርጫ ቀጥቃጩ ነው። ግን ዝም ብለህ “ገጀራ ሥራልኝ” ካልከው ያገኘውን ብረት ይቀጠቅጥልሃል። ከላሜራ የተቆረጠ ገጀራ ገበያው ሞልቷል። በመጀመሪያው ቀን ይቆርጣል፣ በሦስተኛው ስለቱ ይታጠፋል። ባሌስትራውን ራስህ ይዘህ ሂድ። ጋራዥ ጠይቅ፣ የፒክ አፕ ይሁን። የአይሱዙው ወፍራም ስለሆነ ቀጥቃጩን በከንቱ ታደክመዋለህ።

አሮጌ ባሌስትራ ደግሞ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይደብቃል። ሲጠነክር እዚያው ላይ ይሰበራል። ይህችን ዘዴ ያዝ። ብረቱን አጥበህ ናፍጣ ቀባው፣ ትንሽ ቆይተህ በጨርቅ ደህና አድርገህ አድርቀው። ከዚያ ነጭ ጠመኔ ፈጭተህ ነስንስበት። ስንጥቅ ካለ የገባበት ናፍጣ ቀስ እያለ ይወጣና ነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይሠራል። ያን ቁራጭ ጣለው፣ ሌላ ፈልግ።

ለቀጥቃጩ ልኩን ንገረው። ስለቱ ከ35 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር። ጀርባው እጀታው ጋ 5 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ ጋ 3። ወደ ጫፉ ሰፋ ይበል፤ ያኔ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድልሃል። ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይድረስ። በመሀል ተቆርጦ የቀረ ከሆነ አትቀበል። የእጀታው ጭራ ወፈር ብሎ ትንሽ ወደ ታች ይጠምዘዝ፣ እጅህ ሲያልብ እንዳያመልጥ። የእጅ አንጓ ማሰሪያ ገመድ የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልወድም። ያመለጠ ገጀራ ርቆ ቢሄድ ይሻላል። በገመድ ታስሮ ከሆነ ዞሮ የሚመጣው ወደ ጉልበትህ ነው።

ወናፉ ጋ ቁጭ ብለህ ተመልከት። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ግሎ ብልጭታ ከረጨ ተቃጥሏል፤ ያ ክፍል አይድንም። ሲያጠነክረው ባሌስትራን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ያሰነጥቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ትንሽ አሙቆ፣ ስለቱን ብቻ ይንከርበት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ “ጠነከረ፣ አለቀ” ይልና ይወስደዋል። እንዲህ ያለው ስለት አንድ ግራር ሲነካ ይሸረፋል። በአሸዋ ወረቀት ብልጭ እስኪል ይጥረገውና ከጀርባው በኩል እንደገና በቀስታ ይሙቅ። ቀለም ሲሮጥ ታያለህ። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ስለቱ ጋ ቡናማው ሲደርስ “በቃ” በለው።

ከዚያ ሞረድ አምጣ። ስለቱ ላይ ስታስኬደው ጭራሽ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ገና ደረቅ ነው፣ ትንሽ ይሙቅ። በቀላሉ ከበላው ልል ነው፣ እንደገና ይጠንክር። በጭንቅ ነከስ ሲያደርገው ልክ ነው። ጫፉንም ግንድ ላይ ተክለህ በቀስታ አጉብጠው። ስትለቀው ቀጥ ካለ ያንተ ነው።

ዋጋ ላይ ቀጥቃጩን አትጨቅጭቀው። ይህ ሰው እኮ በእኛ አገር ዱሮ የሚሰድበው እንጂ የሚያከብረው አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። የሚገርመው የኔፓል ካሚዎችም በአገራቸው የተናቁ ነበሩ። የዓለም ሁሉ ሰው ቢላውን እየፈለገ ባለሙያውን ይንቃል፤ ምክንያቱ እስካሁን አልገባኝም።

አሳሳሉን በእጅ ሞረድ አድርገው፣ ለመጨረሻው የስለት ድንጋይ። ግራይንደር ያለው ልጅ በሁለት ደቂቃ እስልልሃለሁ ቢልህ አመስግነህ እለፍ። ስለቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ያ ሁሉ የወናፍ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ለዝገት የበግ ሞራ ሳስ አድርገህ ቀባው፣ ጨው የሌለው ይሁን። የኑግ ዘይት ሲደርቅ ይጣበቃል፣ የሞተር ዘይት ደግሞ ምግብ ለሚነካ ስለት አይሆንም። ክረምት ላይ ቆዳ አፎት ውስጥ ከተህ አታኑረው፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ያዝገዋል።

አንድ ነገር ጨምር፤ የሚታጠፍ የእጅ መጋዝ። ከክንድህ የሚወፍር እንጨት ሲያጋጥምህ ገጀራውን አስቀምጠህ መጋዙን አንሳ። ፈጣን ነው፣ ድምፁ ወፉን አያባርርም፣ እግርህንም አያገኝህም። እውነቱን ልንገርህና ከገጀራና ከመጋዝ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል መጋዙን ነው የምይዘው። አንተ ግን ገጀራ ስለጠየቅከኝ ገጀራ መለስኩልህ።

አያያዙ። በዚህ ጊዜ ኬላው ብዙ ነው፣ ገጀራ ደግሞ ስሙ ተበላሽቷል። ሲጓዙ ወገብ ላይ ማንጠልጠል የለም። በጆንያ ጠቅልለህ፣ በገመድ አስረህ፣ ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር መኪና ላይ ጫነው። የሥራ ደብዳቤህን ኪስህ ውስጥ አድርግ። ፈታሹ ሳያገኘው አንተ ቀድመህ ተናገር። ገለጎ ስትደርስም ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብተህ አሳያቸው። አይገባም ካሉህ እዚያው አስቀምጠህ ግባ፤ ስካውቶቹ ማገዶ የሚሰብሩበት አያጡም።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ መሬታችን ጣና ዳር ነው። እምቦጩ ሲመጣ በማጭድና በእጅ እየለቀምን ሰለቸን። ልጄ “በትልቅ ገጀራ እየቆራረጥን ወደ ውሃው ብንመልሰው አይሻልም?” ይላል። ይሻላል?
(አንዲት እናት፣ ከደንቢያ)

መልስ፦ እማማ፣ ልጁን በፍቅር ይከልክሉልኝ። እምቦጭ ሲቆራረጥ አይሞትም። ግንዱና ሥሩ ያለው ቁራጭ ተንሳፍፎ ሌላ ዳር ላይ እንደገና ይበቅላል። ገጀራው ሥራ ያቀለለ ይመስላል እንጂ ለጎረቤት ችግኝ ማደል ነው። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ታየ ከተባለ ወዲህ ሰው በእጁ የታገለው ዝም ብሎ አይደለም። ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ከውሃው ርቆ፣ ማዕበል በማይደርስበት ደረቅ መሬት ላይ ተቆልሎ ይድረቅ። አበባ ሳያወጣ ቢደርሱበት ደግሞ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የአውድማ መንሽ ካለዎት ወደ ዳር ለመጎተት ከማጭዱ ይሻላል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ብቻዎን አይግቡ። እምቦጩ ሥር ጉማሬም፣ እባብም፣ ጥልቀቱም አይታይም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሪፍ የባሌስትራ ገጀራ አሠርቶ መጣ። አሁን “ለፋሲካ በጉን በዚህ ነው የማርደው” ብሎ ችክ ብሏል። ምን ይሉታል?
(ከሽምብጥ)

መልስ፦ እህቴ፣ ገጀራው አጥንት ለመከትከት ይሁን። ለማረድ ስስ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ምላጭ የተሳለ ካራ ነው የሚያስፈልገው። ገጀራ ስለቱ ወፍራም ስለሆነ በጉን ያሠቃያል፣ ቆዳውንም ሲገፍ ይበሳዋል። የተበሳ ቆዳ ደግሞ የሚገዛው የለም። ይህችን የመጨረሻዋን ንገሪው፣ ገንዘብ ሲባል ይሰማሻል።

ጥያቄ፦ የመጥረቢያዬም የገጀራዬም ዛቢያ በየጊዜው ይላላል። እንጨቱ ነው ወይስ ሥራው?
(ከዳንግላ)

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን እንጨቱን እጠረጥራለሁ። እርጥብ እንጨት ገብቶልህ ይሆናል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቱም ይነቃነቃል። ወይራ ፈልግ። ጥላ ውስጥ ወራት የቆየ ይሁን፣ ፀሐይ ላይ የደረቀው ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለሣጥን እንጂ ለዛቢያ አይሆንም፣ ምት አይችልም። የእንጨቱ ጅማት ከእጀታው ጋር እኩል ቀጥ ብሎ መሄዱን እይ። አቋርጦ የሚሄድ ከሆነ በዚያው መስመር ይሰበራል። የላላውን መጥረቢያ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር ለአንድ ቀን ያጠብቀዋል፣ በማግስቱ የባሰ ይላላል። ከነከርክ አይቀር የተልባ ዘይት ውስጥ አሳድረው። ለገጀራው ደግሞ የአሮጌ ብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጠህ እየወጠርክ ጠምጥምበት። ባሕር ዳር የብስክሌት ጠጋኝ ሞልቷል፣ በነፃም ይሰጡሃል።